የሰፈር ውሻ እከክ፦ ሳይያዝ፣ በምግብ ውስጥ በሚሰጥ መድኃኒት በአነስተኛ ወጪ ማከም

በባሕር ዳር ሰፈሮች እከክ የወረሰውን ውሻ ለማዳን የሚሞክር ሰው አይጠፋም፤ የሚሳካለት ግን ጥቂት ነው። አንዱ አንድ መርፌ ያስወጋና ውሻው ማከኩን ሲቀንስ ያለቀ መስሎት ይተወዋል፤ በወሩ እከኩ ይመለሳል። ሌላው በሩ ላይ የሚተኛውን ብቻ ያክማል፤ ያ ውሻ ማታ ከሌሎቹ ጋር ተደራርቦ ሲተኛ እንደገና ይያዛል። ሦስተኛው የተቃጠለ ዘይት ይቀባል፤ ውሻው ራሱን ሲልስ ይመረዛል።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር እጅ ለማያስነካ ውሻ የሚሆን ነው። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን የሚባለው የተባይ መድኃኒት ነው፤ አይወጋም፣ በምግብ ውስጥ ይሰጣል። ማሰር፣ መያዝ፣ ማጠብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ልክ ማወቅና አምስት ሳምንት ቀን አለመሳት ነው።

በቅድሚያ፦ የራስዎ ደኅንነት

የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ አለ፤ ከእከኩ በፊት መታሰብ ያለበት እሱ ነው። ያለ ምክንያት የሚነክስ፣ አፉ ተከፍቶ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ድምፁ የተለወጠ፣ የኋላ እግሩን የሚጎትት ወይም ድሮ ሰው እየሸሸ አሁን ድንገት የሚለማመጥ ውሻ ካዩ አይቅረቡት። መድኃኒትም አይስጡት፤ ለቀበሌው ወይም ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ።

ከተነከሱ ወይም ለሃጩ የተላጠ ቆዳዎን ከነካ ቁስሉን ወዲያውኑ በወራጅ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄደው ስለ ክትባቱ ይጠይቁ። ውሻው ጤነኛ መስሎ ቢታይም ይሂዱ። ጠበል የሚፈልግ ሰው ከክትባቱ ጋር ይጠመቅ እንጂ ክትባቱን አያዘግይ። ውሻውን አይግደሉት፤ 10 ቀን በዓይን መከታተል ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

እከኩም ወደ ሰው ይሻገራል። ክንድና ሆድ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ያወጣል። እከኩን የሚያመጣው የውሻው ተባይ በሰው ቆዳ ላይ መራባት ስለማይችል ውሻው ሲድን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ቢሆንም ጓንት ያድርጉ፤ ሕፃናት የታመመ ውሻ እንዳያሻሹ ይንገሩ።

ደረጃ 1፦ እከክ መሆኑን መለየት

ፀጉር የረገፈበት ውሻ ሁሉ እከክ የለበትም። ከጥቂት ሜትር ርቀት ቆመው አሥር ደቂቃ ይመልከቱት።

ተላላፊው እከክ፦ ከጆሮ ጠርዝ፣ ከክርን፣ ከኋላ እግር ቁርጭምጭሚትና ከሆድ ሥር ይጀምራል። ቆዳው ይወፍራል፣ ይቀላል፣ ግራጫ ቅርፊት ይሠራል። ዋናው ምልክት ማከኩ ነው፤ ውሻው እየበላ እንኳ አቋርጦ ያካል። የሚያስነካ ከሆነ የጆሮውን ጠርዝ በጓንት ሲያሹት የኋላ እግሩ በራሱ ጊዜ አየር ላይ ማከክ ይጀምራል። አብረውት የሚውሉትም ያክካሉ።

ዴሞዴክስ የሚባለው ሌላ ተባይ፦ በተለይ ቡችላ ላይ፣ በዓይን ዙሪያ፣ በአፍና በፊት እግሮች ላይ ክብ ክብ መመለጥ ያመጣል፤ ብዙ አያሳክክም፤ ወደ ሌላ ውሻም ወደ ሰውም አይሻገርም። ጥቂት ቦታ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ውሻው በደንብ ሲበላ በራሱ ይጠፋል። መላ አካሉን የያዘ ከሆነ ሕክምናው በየቀኑ የሚሰጥና ወራት የሚወስድ ነው፤ የዚህ መመሪያ የሳምንት ልክ አይበቃውም።

ጭርት፦ ክብ፣ ጠርዙ የጎላ፣ ፀጉሩ የተሰባበረ። አይቨርሜክቲን ጭርትን አይነካውም።

ቁንጫ፦ መመለጡ ከወገብ እስከ ጅራት ሥር ከሆነና ጥቁር ፍርፋሪ ከታየ መጀመሪያ ቁንጫን ይጠርጥሩ።

ካልለየልዎት የእንስሳት ሐኪም ቆዳውን በምላጭ ጀርባ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ሊያየው ይችላል። ይሁን እንጂ በተላላፊው እከክ ላይ ተባዩ ጥቂት ስለሚሆን ምርመራው «የለም» ቢልም ምልክቱ ከላይ እንደተገለጸው ከሆነ ሐኪሙ ሕክምናውን ሊያስጀምር ይችላል።

ደረጃ 2፦ ውሾቹን መቁጠር

ከመግዛትዎ በፊት አብረው የሚተኙትን ሁሉ ይቁጠሩ። ይህን ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቀው የሰፈሩ የሌሊት ጥበቃ ነው፤ የትኛው ከየትኛው ጋር በየትኛው በር ሥር እንደሚያድር ይነግርዎታል። የእያንዳንዱን ፎቶ በስልክዎ ያንሱ፤ ቀለሙን፣ ጆሮውን፣ ጾታውን ይመዝግቡ። ገና ያልተመለጡትም አብረው መታከም አለባቸው፤ ተባዩ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪወጣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

ደረጃ 3፦ የሚገዙት

1. አይቨርሜክቲን 1 በመቶ መርፌ፣ ያልተከፈተ ጠርሙስ። ለከብትና ለበግ ተብሎ በእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚሸጠው ነው። መለያው ላይ «1%» ወይም «10 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር» የሚል መኖሩን ያንብቡ። 3.15 በመቶ የሆነውን ወይም ክሎርሱሎን የሚባል ሌላ መድኃኒት የተቀላቀለበትን አይግዙ። በጀርባ ላይ የሚፈስሰውን፣ ለፈረስ የሚሆነውን ፓስታ፣ በሲሪንጅ ተቀድቶ ያለ መለያ የሚሸጠውንም ይተዉ። ለሰው የሚታደለውን ክኒንም አይንኩ።
2. ባለ 1 ሲሲ ሲሪንጅ፣ ለእያንዳንዱ ውሻ አንድ። ከሰው ፋርማሲ የሚገኘው የኢንሱሊን ሲሪንጅ ይሆናል፤ 100 ዩኒት 1 ሲሲ የሆነበትን ይምረጡ።
3. አንድ ባለ 2 ሲሲ ሲሪንጅ ከወፍራም መርፌ ጋር። መድኃኒቱ እንደ ዘይት ስለሚወፍር በኢንሱሊን ቀጭን መርፌ አይቀዳም።
4. ጓንት፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ማጥመጃ ምግብ።

ወጪውን የሚቀንሰው መካፈል ነው። አንድ 15 ኪሎ ውሻ በሙሉ ሕክምናው ከ2.5 ሲሲ በታች ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ አንድ ባለ 50 ሲሲ ጠርሙስ 20 ውሻ ያክማል። አራት አምስት ጎረቤት አዋጥቶ አንድ ጠርሙስ ቢገዛ የየአንዳንዱ ድርሻ ትንሽ ይሆናል። ብር የሚወስደው ምግቡ ነው፤ እሱም ሐይቁ ዳር ከዓሣ ሻጮች በሚገኝ ትርፍራፊ ይቃለላል።

መድኃኒቱ በጠርሙሱ ላይ ለውሻ አልተጻፈም። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ዝርዝርዎንና ፎቶዎቹን ለአንድ የእንስሳት ሐኪም ያሳዩ፤ ልኩን ያጽድቅልዎት። ለእያንዳንዱ ውሻ ሳይሆን ለመላው መንጋ አንድ ጊዜ ማማከር ይበቃል።

ደረጃ 4፦ መድኃኒቱ የማይሰጣቸው

- ከ3 ወር በታች የሆኑ ቡችሎች።
- ቡችላ የምታጠባ እናት፤ መድኃኒቱ በወተት ያልፋል።
- ኮሊ (ረጅም ፀጉር ያለው የውጭ የእረኛ ውሻ ዝርያ)፣ የጀርመን ሸፐርድ ወይም የእነሱ ድብልቅ የሚመስሉ። አንዳንዶቹ በዘር የሚወርሱት ጉድለት ስላለባቸው መድኃኒቱ አንጎላቸው ውስጥ ይገባል፤ ሌላውን ውሻ የሚያድነው ልክ እነሱን ሊገድል ይችላል።
- የሚያስል፣ በጥቂት እርምጃ የሚያለከልክ ውሻ። የልብ ትል ካለበት መድኃኒቱ ድንገት ሊጥለው ስለሚችል ሐኪም ይየው።
- ቆሞ መሄድ ያቃተው። ይህንን መጀመሪያ ጥቂት ቀን ይመግቡት።

ለቡችሎችና ለምታጠባዋ እናት ከፋርማሲ የሚገኝ 5 በመቶ የሰልፈር ቅባት ይሻላል፤ ሰው ሊይዛቸው ስለሚችል ያመቻል። በስሱ ይቀቡ፣ ተላልሰው እንዳያነሱት ለጥቂት ሰዓት ለያይተው ያቆዩ፤ ድግግሞሹን ሐኪሙ ይንገርዎት። እናቲቱን ከጡቷ አካባቢ አይቀቡ።

ደረጃ 5፦ ክብደትና ልክ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቀስ ብለው ያንብቡ።

አዋቂ የአገር ውሻ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ኪሎ ነው፤ እከክ ያከሳው ደግሞ ከዚያ ያነሰ። ዓይንዎን ለማለማመድ የጎረቤት ገራም ውሻ ታቅፈው የመንገድ ሚዛን ላይ ይውጡ፣ ከዚያ የራስዎን ክብደት ይቀንሱ። ቀሪው የውሻው ነው። ሌሎቹን ከእሱ ጋር እያነጻጸሩ ይገምቱ።

ልኩ ለ1 ኪሎ 0.3 ሚሊ ግራም ነው። ይህ ቁጥር የተመረጠው ግምት ቢሳሳት እንኳ ከሚሠራው ክልል እንዳይወጣ ነው፤ ለተላላፊው እከክ የሚሠራው ከ0.2 እስከ 0.4 ነውና። 15 ኪሎውን ውሻ 20 ነው ብለው ቢሰጡት 0.4 ይደርሰዋል፤ 10 ነው ብለው ቢሰጡት 0.2 ይደርሰዋል። ሁለቱም ይሠራሉ። ስለዚህ አንድ ኪሎ በለጠ አነሰ ብለው አይጨነቁ፤ የሚያስጨንቀው የአስርዮሽ ነጥቡ ነው።

የ1 በመቶ መድኃኒት ሙሉ ልክ (1 ሲሲ ማለት 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ 10 ሚሊ ግራም ይይዛል)፦

5 ኪሎ፦ 0.15 ሲሲ (15 ዩኒት)
8 ኪሎ፦ 0.24 ሲሲ (24 ዩኒት)
10 ኪሎ፦ 0.30 ሲሲ (30 ዩኒት)
12 ኪሎ፦ 0.36 ሲሲ (36 ዩኒት)
15 ኪሎ፦ 0.45 ሲሲ (45 ዩኒት)
20 ኪሎ፦ 0.60 ሲሲ (60 ዩኒት)

ማስጠንቀቂያ፦ 0.3 ሲሲን 3 ሲሲ ብሎ መስጠት አሥር እጥፍ ነው፤ ይህ መርዝ ነው። ለዚህ ነው ባለ 5 ሲሲ ሲሪንጅ ለመለካት የማይፈቀደው። በብዙ የኢንሱሊን ሲሪንጆች ላይ እያንዳንዷ ትንሽ መስመር 2 ዩኒት ስለሆነች ከመቅዳትዎ በፊት መስመሮቹን ይቁጠሩ።

አቀዳድ፦ የጠርሙሱን ጎማ በአልኮል ይጥረጉ። በባለ 2 ሲሲው ወፍራም መርፌ ይቅዱ። የኢንሱሊኑን ሲሪንጅ መግፊያ ከኋላ ያውጡ፣ ጫፉን ወደ ታች ይዘው መድኃኒቱን ከኋላ ያንጠባጥቡበት፣ መግፊያውን ይመልሱ፣ ገልብጠው አየሩን ያስወጡ፣ ልኩ ላይ እስኪደርስ ትርፉን ወደ ሌላ ሲሪንጅ ይግፉት። መርፌው ተነቃይ የሆነ ባለ 1 ሲሲ ሲሪንጅ ካገኙ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል፤ ወፍራሙን መርፌ ገጥመው በቀጥታ ይቀዳሉ።

ደረጃ 6፦ የሙከራ ልክ

ከመጀመሪያው ሙሉ ልክ ሁለት ቀን ቀደም ብለው የልኩን ሲሶ ይስጡ፦ ለ10 ኪሎ 0.10 ሲሲ፣ ለ15 ኪሎ 0.15 ሲሲ። በማግስቱ ውሻውን ፈልገው ያግኙት። እየተንገዳገደ፣ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ፣ ለሃጩ እየወረደ ወይም እየተንቀጠቀጠ ካገኙት ያ ውሻ ከዝርዝሩ ይውጣ፤ ዳግም አይቨርሜክቲን አይሰጠውም። ካላገኙት ሙሉውን ልክ አይስጡ፤ እስኪያገኙት ይቆዩ።

ደረጃ 7፦ በምግብ ውስጥ መስጠት

መድኃኒቱ መራራ ነው። ሳህን ሙሉ ፍትፍት ላይ ካፈሰሱት ውሻው ይቀምሰውና ይተወዋል፣ ወይም ሌላው ይበላዋል።

1. ሁለት ሰው ይሁኑ፤ አንዱ ሌሎቹን ውሾች በምግብ ራቅ አድርጎ ይያዝ።
2. በአንድ ጉርሻ የሚዋጥ ሦስት ቁራጭ ያዘጋጁ፦ የተቀቀለ ጉበት፣ ስብ ያለው ሥጋ ወይም እሾሁ ተለቅሞ የወጣለት የተቀቀለ ዓሣ።
3. የመጀመሪያውን ቁራጭ ያለ መድኃኒት ይወርውሩ።
4. መድኃኒቱን ሁለተኛው ውስጥ አስገብተው ወዲያው ይወርውሩ። መርፌውን ቁራጩ ውስጥ አይተዉ፤ ይነቀል።
5. ሁለተኛውን እያኘከ ሳለ ሦስተኛውን ያሳዩት፤ ለመድረስ ሲል ይውጠዋል።
6. መዋጡን በዓይንዎ አይተው ብቻ ይጻፉ።

የጎረቤት ትራፊ ወጥ አይጠቀሙ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ፤ በርበሬውም የቆሰለ አፍ ያቃጥላል።

ጊዜ መምረጥም ይረዳል። በዐቢይ ጾም ከምግብ ቤቶች የሥጋ ትራፊ ስለማይወጣ ውሾቹ ቁራጭ ሲያዩ አይመራረጡም፤ 55 ቀኑም ለአምስቱ ልክ ይበቃል። በፋሲካ ማግስት ከጀመሩ ግን አጥንት የጠገበ ውሻ ጉበትዎን አሽትቶ ያልፋል።

ደረጃ 8፦ የቀን አቆጣጠር

ሙሉው ልክ በ1ኛው፣ በ8ኛው፣ በ15ኛው፣ በ22ኛውና በ29ኛው ቀን ይሰጣል። ሁሉም ውሾች በአንድ ቀን ይጀምሩ። ቅዳሜ ከጀመሩ ሁልጊዜ ቅዳሜ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ። ውሾቹ በሁለተኛው ሳምንት ራሳቸው ይጠብቁዎታል።

አምስት ጊዜ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። መድኃኒቱ ተባዩን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። እንቁላሉ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው አድጎ እንቁላል እስኪጥል ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። የየሳምንቱ ልክ የተፈለፈለውን ሳይወልድ ይደርስበታል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማከኩ ሊብስ ይችላል፤ አይደንግጡ። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ይቀንሳል፣ ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ፀጉር ከአራተኛው ሳምንት ወዲህ ያቆጠቁጣል። በ36ኛው ቀን አሁንም የሚያክ ካለ አንድ ልክ ይጨመርለት።

መኝታውንም ያስቡ። ተባዩ ከውሻው ውጭ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ በቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ግን እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በክረምት ሐይቁ ዳር ያለው እርጥበት ለእሱ ምቹ ነው። የሚተኙበትን ጆንያ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ያቃጥሉና በደረቅ ይተኩ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

አንድ ሳምንት ጠፋ፦ ሲገኝ መደበኛውን ልክ ይስጡ። እጥፍ አይስጡ። ሁለት ሳምንት ከጠፋ አምስቱን እንደ አዲስ ይቁጠሩ፤ ሙከራውን መድገም አያስፈልግም።

ተፋው፦ መድኃኒቱ ምን ያህል እንደገባ ስለማይታወቅ በዚያ ቀን አይድገሙ። በሦስተኛው ቀን ይስጡና ከዚያ ቀን ጀምረው ሳምንቱን ይቁጠሩ።

አንዱ የሁለቱን በላ፦ 0.6 ሚሊ ግራም ለኪሎ ጉድለቱ የሌለበትን ውሻ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳውም፤ እስከ ማግስቱ ይከታተሉት። የሚቀጥለውን ሳምንት ይዝለሉት።

ተንገዳገደ ወይም ወደቀ፦ ማርከሻ መድኃኒት የለም። ጨለም ያለ፣ ጸጥ ያለ፣ ሞቅ ያለ ቦታ ያስተኙት፤ አፉ ውስጥ ውኃም ወተትም አያፍስሱ፣ ይታነቃል። በፍጥነት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ጠርሙሱን ይዘው ይሂዱ።

ሦስት ልክ ወስዶ ምንም ለውጥ የለም፦ መጀመሪያ ጠርሙሱን መልሰው ያንብቡ። ከዚያ መዝገብዎን ይዩ፤ መዋጡ በእርግጥ ታይቷል? ሁለቱም ትክክል ከሆኑ በሽታው ዴሞዴክስ ወይም ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ቆዳው ይመርመር።

ሸተተ፣ መግል ያዘ፦ ባክቴሪያ ገብቶበታል። የሚያስነካ ከሆነ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ሁለት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተው ቁስሉን ይጠቡ። ሴፋሌክሲን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለሳምንታት ስለሆነ በየቀኑ የሚያገኙት ውሻ ካልሆነ አይጀመር። ዴክሳሜታዞን ያለውን መርፌ ግን «ማከኩን ያቆማል» ቢባሉም እሺ አይበሉ። ማከኩን ይደብቀዋል እንጂ ተባዩን አይነካም፤ ዴሞዴክስ ከሆነ ደግሞ ያብሰዋል።

ፈጽሞ የማይነኩ

የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ፣ ላምባና በረኪና ቆዳ ያቃጥላሉ፤ ሲላሱ ደግሞ የውስጥ አካልን ይጎዳሉ። ለበግ የሚረጨው ዳያዚኖን ሙሉ አካሉ በተላጠ ውሻ ቆዳ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ምራቅ ያዝረበርበዋል፣ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ለረጪውም ሰው አደገኛ ነው።

አሚትራዝ የሚባለው በቆዳ ላይ የሚፈስስ የተባይ መድኃኒት ትክክለኛ ነው፤ ግን ለሚያዝ ውሻ ብቻ። የ12.5 በመቶው ከሆነ 2 ሲሲ በ1 ሊትር ውኃ ይበጠበጣል፣ ይፈስስበታል፣ ሳይታጠብ በአየር ይደርቃል። ከ4 ወር በታች ላለ ቡችላ አይሆንም። የስኳር ሕመም ወይም አስም ያለበት ሰው አይበጥብጠው። አይቨርሜክቲን እየወሰደ ላለ ውሻ አይደረብም። ዝናብ በሚጥልበት ቀን ማፍሰስ ብክነት ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ብራቬክቶ ወይም ኔክስጋርድ የሚባለውን ክኒን መጠየቅ ይቻላል፤ የመጀመሪያው አንድ ክኒን 12 ሳምንት ገደማ ይቆያል። ውድ ቢሆንም ዳግም ለማይገኝ ውሻ ወይም ኮሊ ለሚመስለው ጥሩ አማራጭ ነው። የሚጥል በሽታ ላለበት ውሻ አይሰጥም።

ትርፉን የት?

ውሻ ሐይቁ ውስጥ ወይም ዓባይ ዳር አይጠቡ። አይቨርሜክቲንም አሚትራዝም ውኃ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታት መርዝ ናቸው፤ ዳር ዳሩ ላይ ቆሞ ማጠብ ደግሞ ለእርስዎ የብልሃርዚያ መንገድ ነው። የተረፈውን የአሚትራዝ ውኃ ከጉድጓድ ውኃና ከቦይ ርቆ በደረቅ አፈር ላይ ያፍስሱ። መርፌዎቹን ክዳን ባለው ወፍራም ፕላስቲክ ጠርሙስ ሰብስበው ለጤና ጣቢያ ወይም ለእንስሳት ክሊኒክ ያስረክቡ። የተረፈው አይቨርሜክቲን ከፀሐይ ተከልሎ፣ ልጆች በማይደርሱበት ይቀመጥ፤ ጠርሙሱ ላይ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ይጻፉ።